ዙሩ የቀረባት መኪና

ሰው በሚስቱ ይቀናል። በጎረቤቱ ቤት ይቀናል። አብሮት ተቀጥሮ ቀድሞት በተሾመ ባልደረባው ይቀናል። ይህ ሁሉ ያለ ነገር ነው፤ ማንንም አይገርምም። ሳሙና ግን የሚቀናው በመካኒኩ ነበር። ያውም በሙያው ወይም በገቢው አይደለም። ልክ ባል በሚስቱ እንደሚቀናው፣ ከእኔ ሌላ ለማን ሳቀ፣ ከእኔ ሌላ የማንን መኪና ኮፈን ከፈተ እያለ ነበር አንጀቱ የሚያርረው።

ሳሙና የወጣለት ስም ነው። ነጭ፣ አሮጌ፣ አንድ ጎኗ ቀለሙ የተላጠ የዕቃ መኪና አለችው። በእሷ ከልብስ ማጠቢያ ቤት የታጠበ አንሶላና ፎጣ እየጫነ ለሆቴሎች ያደርሳል፣ ያደፈውን ይዞ ይመለሳል። ብዙ ዘመን እንዲህ ሲመላለስ የሳሙናው ሽታ ከልብሱ አልፎ ቆዳው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ገና ደረጃውን ሳይወጣ ሽታው ቀድሞት ቤት ይገባል። ሠፈሩ ሳሙና አለው፣ የሆቴሎቹ ዘበኞች ሳሙና አሉት፣ በመጨረሻ ሚስቱም፣ በተለይ ስትናደድበት፣ ሳሙና ማለት ጀመረች። እሱም አልከፋውም። ከዚህ የባሰ ስም የወጣለት ስንት ሰው አለ።

መካኒኩንም ቢሆን በስሙ የሚጠራው የለም። ጆሮ ነው የሚባለው። መኪና ሲመጣለት ኮፈኑን ወዲያው አይከፍትም፤ መዳፉን ኮፈኑ ላይ አስደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ያየው ሰው ሁሉ ምሥጢር የሚነገረው ይመስለዋል። እውነቱን ለመናገር ጆሮ የሚስትበት ጊዜም ብዙ ነው። ፍሬን ነው ብሎ ግማሽ መኪና ፈታትቶ የጎማ ጉዳይ ሆኖ የተገኘበት ቀን አለ። ሰው የሚወደው ግን ስለማይሳሳት አልነበረም። ሲሳሳት ከማንም ቀድሞ በራሱ ስለሚስቅ ነው፤ ደግሞም ወሬ ያውቃል።

ጋራዡ በአናጺ ቤትና በአንድ ረጅም ግንብ መሃል የተሰነቀረ ግቢ ነው። መሬቱ የፈሰሰበትን ዘይት እየጠጣ እንደ ቆዳ ጠቁሯል። ከአንድ የተፈታታ መኪና የወጣ የኋላ ወንበር ዛፍ ሥር ተቀምጦ የእንግዳ ሶፋ ሆኗል፤ ከጎኑ ጥላሸት የለበሰ የሻይ ማንቆርቆሪያ አይጠፋም። በዚያ ግቢ አንድ ደንብ አለ። ጆሮ ሠርቶ የጨረሰውን መኪና እንካ ቁልፍህን ብሎ አይሰጥም። ባለቤቱ መሪ ይይዛል፣ ጆሮ አጠገቡ ይቀመጣል፣ ከግቢው ወጥተው ቁልቁለቱን ይወርዳሉ፣ የትምህርት ቤቱን አጥር ተከትለው አደባባዩን ይዞራሉ፣ በዳገቱ ተመልሰው ይመጣሉ። ይህ «ዙር» ይባላል። ሲመለሱ፣ ሞተሩ እንደጋለ፣ ጆሮ ከደረት ኪሱ ካቻቢቴውን ያወጣና የመጨረሻውን ማጥበቅ ያኔ ያጠብቃል። አዲስ ቱቦ ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ ስለዚህ መጀመሪያ በእጅ ብቻ ያዝ አድርጎ መተው፣ በደንብ ማጥበቁ ከዙሩ በኋላ። የእሱ እምነት ይህ ነው። ሌሎች መካኒኮች ይስቁበታል። አንድ ቀን ሰውዬው ሳይዞር ቢሄድብህስ ሲሉት፣ ከእኔ ግቢ ሳይዞር የሚሄድ ሰው የለም ይላቸዋል። እውነትም እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም።

አለመኖሩ አይገርምም፤ ዙሩ ይጣፍጣል። ጆሮ ጭንቅላቱን መስኮቱ ላይ አስደግፎ ሞተሩን እያዳመጠ፣ በአፉ ወሬውን ይለቃል። ሳሙና ከሁሉም የሚወደው የሐብሐቡን ታሪክ ነው። አንድ ሰውዬ መኪናዬ መታጠፊያ ላይ ከኋላ ታንኳኳለች ብሎ ይመጣል። ጆሮ ቀኑን ሙሉ ከሥሯ ተጋድሞ ሲፈትሽ ይውላል። አመሻሹ ላይ የኋላውን የዕቃ ማስቀመጫ ቢከፍት፣ ሰውዬው ለአማቱ ገዝቶ የረሳው ሐብሐብ ወዲያና ወዲህ ይንከባለላል። ሳሙና ይህን ሰምቶ ሰምቶ ቃል በቃል ሸምድዶታል፤ ሐብሐቡ በወጣ ቁጥር ግን እንደ አዲስ እንባው እስኪወርድ ይስቃል። ታሪኩ የእሱ ነበር። ማለት፣ የእሱ ይመስለው ነበር። መኪናዋ አንዳች ሳትሆን እንኳ ዛሬ ሳል ቢጤ አላት፣ ዛሬ ደግሞ ጉልበቷን ያማታል እያለ ይወስዳታል። ሚስቱ ቤቷ ተቀምጣ ልብስ ትሰፋለች። የስፌት መኪናዋን መርገጫ እየረገጠች፣ ቀና ሳትል፣ አንተ ታመህ ሐኪም ቤት አትሄድም፣ እሷ ግን በየሳምንቱ ትታያለች ትለዋለች።

እንግዲህ በዚህ ሰላም መሃል ነው ማሙሽ የገባው።

ማሙሽ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው። ፀጉሩ ላይ ሽበት ጣል ጣል ማድረግ ጀምሯል፤ ለቤተሰቡ ግን ዛሬም ማሙሽ ነው። መነጽር ቤት አለው። ሳቁ ያምራል። ሁሉም ይወደዋል፤ አማት ይወዱታል፣ የትራፊክ ፖሊስ ይወደዋል፣ ሰው አላስጠጋ ያለ የጎረቤት ውሻ እንኳ እሱን ሲያይ ጭራውን ይቆላል። ብርማ ቀለም ያላት፣ በሯ ሲዘጋ ድምፅ የማታሰማ መኪና ሲገዛም ሳሙና ቀንቷል፤ ነገር ግን የሚቻል ቅናት ነበር፣ አንድ ሁለት ቀን ጨጓራውን ልጦት የሚያልፍ። ችግሩ የመጣው መኪናዋ ሲጥ ሲጥ ማለት ስትጀምር ነው። ያን ጊዜ ሳሙና ትልቅ ሰው ሊሆን ፈለገና በቤተ ዘመድ ፊት ደረቱን ነፍቶ፣ «ምን ያስጨንቅሃል፣ የእኔ መካኒክ ያይልሃል» አለ። በገዛ እጁ። እጁን ይዞ፣ በሩን ከፍቶ፣ እነሆ ወንድሜ ብሎ አስተዋወቀው።

ከዚያ በኋላ ያች ብርማ መኪና ከግቢው አልጠፋ አለች። ሳሙና ሻይ ሊጠጣ ጎራ ሲል እሷ ቆማ ያገኛታል። አንድ ቀን ሆቴል አድርሶ ሲመለስ፣ ጆሮና ማሙሽ በአደባባዩ ሲዞሩ አያቸው፤ ሁለቱም አፋቸው እስከ ጆሯቸው ተከፍቷል። ሳሙና መንገድ ዳር ቆሞ ተመለከታቸው። አደባባዩን ዞረው ጨረሱ፤ ወደ ዳገቱ ይታጠፋሉ ሲል፣ እንደገና ዞሩ። ሁለት ዙር። ለእሱ በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን እንኳ ሁለተኛ ዙር ተጨምሮለት አያውቅም። በዚያው ሰሞን ቤተሰብ ሰብሰብ ባለበት ምሳ ላይ ማሙሽ ብርጭቆውን አስቀመጠና፣ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፣ አንድ ሰውዬ መኪናዬ ከኋላ ታንኳኳለች ብሎ ሲመጣ ብሎ ጀመረ። ጠረጴዛው በሳቅ ተናጋ። ሳሙና ጉርሻው ጉሮሮው ላይ ቆመበት። ሚስቱ ከጎኑ ጀርባውን መታ መታ አድርጋ ውሃ ሰጠችው፤ ምን እንዳነቀው ግን አልጠየቀችውም። ታውቃለች።

ነገሩ የፈነዳው የሳሙና መኪና ለአንዴ እንኳ እውነተኛ ሕመም ታማ ጋራዥ በገባች ጊዜ ነው። የውሃ ፓምፗ አልቆ ተቀየረ፤ ከራዲያተሩ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ወፍራም ቱቦም በአዲስ ተተካ። ሳሙና ሊወስዳት ሲመጣ ጭነቱ ጠዋት እንደጫነው ከኋላ ተደርድሮ ነበር፤ ሆቴሉ አንሶላ ይጠብቃል። ጆሮና ማሙሽ ብርማዋ መኪና ውስጥ ተቀምጠው፣ እግራቸውን በተከፈተው በር አውጥተው ይሳሳቃሉ። ጆሮ እጁን አወዛወዘለትና፣ ያንተዋ አልቃለች፣ የማሙሽን ላብቃና ዙራችንን እንወጣለን አለው። ሳሙና እንደ ተረሳ ዕቃ ቆመ። ማሙሽ ደግሞ ክፋት የሌለበት ሰው ነውና ወንበሩን ጠጋ አለለት።

«ጋሼ፣ ና ቁጭ በል፤ የሐብሐቡን እንዴት አድርጎ እንደሚያወራው ስማውማ።»

ስማውማ። ለሳሙና። የሐብሐቡን።

ዓይኑ ጨለመበት። ቁልፉ እንደ ልማዱ መኪናዋ ላይ ተሰክቷል። ገባ፣ አስነሳ፣ በሩን ወጣ። በመስታወቱ ውስጥ ጆሮ ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ሲነሳ፣ ካቻቢቴውን ከፍ አድርጎ እያውለበለበ ሲሮጥ አየው። አየው፤ አላየሁም ሊል አይችልም። «ሩጥ» አለ ሳሙና ለራሱ፣ ማርሽ እየጨመረ። «ትንሽ ሩጥ። ለሰውነት ጥሩ ነው።»

ትንሽ እንደሄደ ስልኩ ጮኸ። ጆሮ ነው። ሳሙና ስልኩን ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጠና እየሰማ ነዳ። ጮኾ ጮኾ ዝም አለ፤ እንደገና ጮኸ። ይህን የመሰለ ዜማ ሰምቶ አያውቅም። አሁን ገና ትዝ አልኩህ፣ ይለዋል ስልኩን፤ አሁን ማሙሽ ዙር ያውጣህ። በመሃል ሚስቱ ደወለች፤ የእሷን በመጀመሪያው ጥሪ አፈፍ አድርጎ አነሳ። ሲመለስ ነጭ ክር እንዲያመጣላት ነው። ድምፁን ሰምታ ምን አግኝተህ ነው እንዲህ የፈነደቅከው አለችው። ምንም፣ እንዲሁ አላት። ገና ከመዝጋቱ ጆሮ ተመልሶ ደወለ። ሳሙና አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ዓይኑ ከስልኩ ላይ አልነቀል አለ፤ ከስልኩ ትንሽ ከፍ ብሎ የሞተሩ ሙቀት መለኪያ ቀስት ቀዩን ነክቶ ማለፉን ልብ የሚለው ጠፋ።

የሆቴሉን ዳገት ሲያጋምስ ፊት ለፊቱ ድንገት ነጭ ሆነ። ለአፍታ ከኋላው አንድ አንሶላ አምልጦ መስታወቱ ላይ የተለጠፈ መሰለው። አንሶላ አልነበረም። እንፋሎት ነው። ምን እንደሆነ እስኪገባው ድረስ ነዳጁን አልለቀቀም፤ ሞተሩ አንድ ሁለቴ የብረት ሳል ሳለና ቀጥ አለ። የፈላ ውሃ በዳገቱ ቁልቁል ይወርዳል። ስልኩ ግን አሁንም ይጮሃል።

ሚስቱ ዘንድ ደወለ፤ ሚስቱ ማሙሽ ዘንድ ደወለች። ማሙሽ ደረሰ። አንድም ቃል ሳይናገር ንጹሑን አንሶላ ሁሉ ወደ ብርማዋ መኪና ገልብጦ፣ ወንበሮቿ እስኪጠፉ ድረስ ሞልቶ ሆቴል አደረሰለት። ተመልሶ መጣና ኮፈኑን ከፈተ። አዲሱ ቱቦ ወልቆ ተንጠልጥሏል። ማጥበቂያ ቀለበቱ ቱቦው ጫፍ ላይ በጣት ሲነኩት ይሽከረከራል።

«ይህማ ጭራሽ አልጠበቀም። ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ ሊገድልህ ነበር።»

ሳሙና አፉን ከፈተ። ኧረ ተው፣ ዙር ሳልወጣ ነው የሄድኩት፣ ሊል ነበር። ቃሉ ከንፈሩ ላይ ደርሶ ነበር። ማሙሽ ግን ስልኩን አውጥቶ የተንጠለጠለውን ቱቦ ፎቶ እያነሳ፣ ከዛሬ ጀምሮ የእኔ መኪና እዚያ ግቢ አትረግጥም አለ። የሳሙና አፍ ቀስ ብሎ ተዘጋ። ደረቱ ውስጥ አንድ ሞቅ ያለ ነገር ተሰራጨ፤ መኪናው መንገድ ላይ ለሞተችበት ሰው የማይገባ ሙቀት።

ጆሮ በማግስቱ ጠዋት ሳሙና ቤት መጣ። ኮፍያውን አውልቆ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሚስትዮዋ መስኮቱ ሥር ትሰፋለች፤ የስፌት መኪናዋ ድምፅ ቤቱን ሞልቶታል። ጆሮ ዙሪያ ጥምጥም አልሄደም። ጥፋቱ የእኔ ነው አለ። ሳያጠብቁ መተው ልክ እንዳልሆነ ስንት ሰው ነግሮኛል፤ ስሜ ጆሮ ሆኖ አልሰማሁም አለ። የሞተሯ ራስ በሙቀቱ ሳይጎብጥ አይቀርም፤ አወርደዋለሁ፣ ብረት ወደሚላግበት ቶርኖ ቤት ወስጄ ፊቱን አስተካክለዋለሁ፣ ሁሉንም በእኔ ኪሳራ፤ አንተ ግቢው ውስጥ ሻይህን ትጠጣለህ እንጂ ኪስህን አትነካም አለ። ከዚያ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ እያዞረ ቀስ ብሎ ጨመረ።

«ደውዬልህ ነበር። ደጋግሜ። ስልክህ ድምፁ ጠፍቶ ነው መሰለኝ።»

የውሸቱን በር ራሱ ከፈተለት፤ ሳሙና መግባት ብቻ ነበረበት።

«አዎ» አለ። «ድምፁ ጠፍቶ ነበር።»

የስፌት መኪናው ቆመ። ሳሙና ዞር ብሎ ለማየት አንገቱ አልታዘዝለት አለ። ከዚያ መርገጫው ተረገጠ፤ መርፌው ሥራውን ቀጠለ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ለሳሙና ገነት ነበሩ። ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ለጊዜው ሌላ መኪና ያዘ፤ እሱ ጠዋት ጠዋት ጋራዡ ሄዶ ሶፋው ላይ ይንሰራፋል። ብርማ መኪና የለም። ማሙሽ የለም። ጆሮ የእሱ ብቻ ነው፤ እጁ በእሱ መኪና ሞተር ውስጥ ነው፣ ሻዩን የሚቀዳው ለእሱ ነው። የፈለገውን አገኘ። ግን ቀስ እያለ አንድ ነገር ይከነክነው ጀመር። ሶፋው ሰፋበት። ድሮ እዚያ ለመቀመጥ ትከሻ ለትከሻ ይገፋፉ ነበር። የታክሲ ነጂዎቹ አይመጡም። መድኃኒት ቤት ያላት ሴትዮ ትንሿን መኪናዋን ሥራው ሳያልቅ በሌላ ሰው አስጎትታ ወሰደች። ማሙሽ ሁሉም የሚወደው ሰው ነው ብለናል፤ የሚወደድ ሰው ደግሞ ሲናገር ይሰማል። የተንጠለጠለው ቱቦ ፎቶ ከስልክ ወደ ስልክ እየዘለለ ሠፈሩን አዳርሶታል።

አንድ ቀን ሳሙና፣ እስቲ የሐብሐቡን ንገረኝ አለው። ጆሮ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ጀመረለት። መሃል ላይ ከደጅ የመኪና ድምፅ ሲሰማ አቋርጦ ወደ በሩ ተመለከተ። መኪናው አለፈ። ጆሮ የት ጋ እንደደረሰ ጠፋበት፤ ሐብሐቡን ገና ሰውዬው ሳይመጣ አወጣው። ሳሙና ለማስመሰል ሳቀ፤ ሳቁ ግን ባዶ ግቢ ውስጥ ወድቆ ቀረ። ይብስ ብሎ፣ ጆሮ በናፍቆት ያየውን ያንን አላፊ መኪና ቀናበት። ማን እንደነዳው እንኳ አያውቅም።

ያን ቀን ነው ጆሮ ነገሩን የነገረው። ትልቁ ጋራዥ፣ ያ መስታወት በመስታወት የሆነው፣ ሠራተኛ ይፈልጋል አሉ። ያንተን ከጨረስኩ በኋላ ግቢውን ለአናጺው እለቅለትና እዚያ እገባ ይሆናል አለ። እዚያ ባለመኪና ከመስታወቱ ወዲያ ሆኖ ነው የሚጠብቀው፣ ዙር የሚባል ነገር የለም፤ ምን ይደረጋል፣ ቢያንስ ሥራ አለ አለ። ሳሙና ደነገጠ። ግን ልቡን የመታው ዙሩ መቅረቱ፣ ግቢው መዘጋቱ ብቻ አልነበረም። ትልቁ ጋራዥ ማለት ማሙሽ አሁን መኪናውን የሚያሠራበት ነው። ስለዚህ ጆሮ የሚሄደው ወደ ማሙሽ ነው። ሳሙና በገዛ ውሸቱ መካኒኩን ጠቅልሎ፣ በጥብጣብ አስሮ፣ ለማሙሽ ሊሰጠው ነው።

እራት ላይ ምግቡን እየነካ ተወው። ሚስቱ ሳህኑን ከፊቱ አነሳችለት።

«ያን ቀን እኔ ስደውልልህ በመጀመሪያው ጥሪ ነው ያነሳኸው» አለችው። «ነጭ ክር ነበር ያዘዝኩህ። እሱንም እስካሁን አላመጣህም።»

ሳሙና ጠረጴዛውን ተመለከተ። ለምን እስካሁን ዝም አልሽ አላት። በራስህ ጊዜ ትናገራለህ ብዬ ነው አለችው፤ ይኸውና ስጠብቅህ የሰውዬው ግቢ ሊዘጋ ነው። ከዚያ ሳህኑን እያጠበች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ ሌላዋ ሚስት ባሌ በእኔ ይቀናል ብላ ታማርራለች፤ እኔ ያገባሁት ሰው ግን ቅናቱን ሁሉ ለመካኒክ ጨርሶ ለእኔ ያተረፈልኝ የለም አለች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየ። እያለቀሰች ነው ብሎ ደንግጦ ቢነሳ፣ ሳቅ ነው።

መኪናዋ ያለቀችው በበነጋታው ነው። ጆሮ የሞተሩን ራስ መልሶ አስሮ፣ ቱቦውን በዚህ ጊዜ ገና ከግቢው ሳይወጡ ግጥም አድርጎ አጠበቀው። ዙር ወጡ። ጆሮ ጭንቅላቱን መስኮቱ ላይ አስደገፈ፣ ዓይኑን ጨፈነ፤ ወሬ ግን የለም። ቁልቁለቱን ወረዱ፣ የትምህርት ቤቱን አጥር አለፉ፣ አደባባዩ ላይ ሲደርሱ ሳሙና ወደ ዳገቱ መታጠፉን ትቶ ቀጥ ብሎ ነዳ። ጆሮ ዓይኑን ገለጠ። ዙሩ እኮ በዚህ አይደለም አለ። ዛሬ ሰፋ ይላል አለው ሳሙና።

መነጽር ቤቱ ፊት ለፊት አቆመ። ከመውረዱ በፊት ወደ ጆሮ ዞረ፤ መጀመሪያ መስማት ያለበት እሱ ነው።

«ስልኬ ድምፁ አልጠፋም ነበር። ስትሮጥም በመስታወት አይቼሃለሁ።»

ጆሮ ፊቱን አልቀየረም።

«አውቃለሁ» አለ። «ያንተ ስልክ ሲጮህ ከአናጺው መጋዝ በላይ ነው። መቼ ድምፁ ጠፍቶ ያውቃል?»

ታዲያ ለምን ቤቴ መጥተህ እንደዚያ አልክ ብሎ ሳሙና ሲጠይቀው፣ ጆሮ፣ ሚስትህ ፊት ውሸታም ልልህ ነው እንዴ አለ፤ ደግሞም ቱቦውን ላላ አድርጌ የተውኩት እኔ ነኝ፣ ስልክህ አይደለም። ለምን እንደሄድክ ግን እስካሁን አልገባኝም አለ።

«አሁን ይገባሃል» አለውና ሳሙና ወረደ።

መነጽር ቤቱ ውስጥ ሰው ነበር። አንዲት ወጣት ትልልቅ ክፈፎች እየሞከረች መስታወት ታያለች፤ አንድ ሽማግሌ ዓይናቸውን አጥብበው ከግድግዳው ላይ ፊደል ያነባሉ። ማሙሽ፣ ጋሼ፣ ዓይንህን ነው እንዴ አለው። ሳሙና ሁሉም እንዲሰሙት አላሰበም፤ ድምፁ ግን ከልክ በላይ ወጣ። ጆሮ ምንም አላደረገኝም አለ። ዙር ሳልወጣ፣ እያየሁት፣ እየጠራኝ ነው ጥዬው የሄድኩት፤ ማጥበቁ ከዙሩ በኋላ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ደጋግሞ ሲደውልም ሆን ብዬ አላነሳሁም። ፊደል የሚያነቡት ሽማግሌ ማንበባቸውን ትተው ዞሩ። ማሙሽ እጁ ላይ ያለውን መነጽር አስቀመጠ።

«ለምን?»

«ቀንቼ።»

«በማን?»

«ባንተ» አለ ሳሙና። «ሁለት ዙር አዞረህ። የሐብሐቡንም ነገረህ።»

ወጣቷ ክፈፏን እንዳደረገች ቀረች። ማሙሽ መጀመሪያ አልሳቀም። ባንኮኒው ላይ በክርኑ ተደግፎ፣ ይህን ትልቅ ሰው ከላይ እስከ ታች ተመለከተው።

«ጋሼ» አለ በመጨረሻ፣ «ሁለተኛውን ዙር የዞርነው እኮ ያንተ ወሬ አልቆ አላልቅ ብሎ ነው። ምንም ሳትሆን ታመመች እያልክ የምታመጣትን መኪና ነበር የሚያወራልኝ። ኮፈኗን ከፍቼ፣ አንዴ እፍ ብዬ፣ እዘጋና ዙር እንወጣለን አለኝ። ሳሙና ሲቀር ቀኑ አይሄድልኝም ነው የሚለው።»

ሳሙና ጆሮው ድረስ ቀላ። ያውቅ ነበር ማለት ነው። ሳሏንም፣ ጉልበቷንም፣ ሁሉንም ያውቅ ነበር። እፍረቱና ደስታው ተደባልቀው የቱ የቱ እንደሆነ አልለይ አሉት። ደግሞ ምን አለ፣ ሌላስ ምን አለ ብሎ መጠየቅ ጀምሮ ነበር፤ ማሙሽ ግን ባንኮኒውን ዞሮ ደጅ ወጥቷል። በመስታወቱ ውስጥ ሲያየው፣ ማሙሽ የነጯን መኪና በር ከፍቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ጆሮን በሁለት እጁ ጨብጦታል። በዚያው ቆሞ ስልኩን አወጣ። ፎቶውን ለላከላቸው ሁሉ ተራ በተራ እየደወለ፣ ተሳስቻለሁ፣ ነገሩ እንዲህ ነው አለ። የሚወደድ ሰው ሲናገር ይሰማል፤ ያን ቀን ሳሙና ይህን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ወደደለት።

ሁሉም ደንበኛ አልተመለሰም። የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ለምሳሌ ትልቁ ጋራዥ ቀረች፤ መስታወቱን ወድዳዋለች አሉ። ታክሲዎቹ ግን መጡ፣ ሶፋው እንደገና ጠበበ፣ አናጺውም ግቢውን እለካለሁ ብሎ ያመጣውን ሜትር ጠቅልሎ ወሰደ። ጆሮ አሁን ሁለቴ ያጠብቃል፤ አንዴ ከዙሩ በፊት፣ አንዴ ከዙሩ በኋላ። ሳሙና ነጭ ክሩን ገዛ፤ አንድ ሳይሆን እቅፍ ሙሉ። ሚስቱ እስከ ጡረታዬ ይበቃኛል ብላ ከመሳቢያው ውስጥ ከተተችው።

ቅናቱስ እንዳትሉ፣ የትም አልሄደም። ብርማዋ መኪና ዙር ስትወጣ ሳሙና ሥራ ካልያዘው በስተቀር የኋላው ወንበር ላይ አይጠፋም። ጉልበቱ አገጩን እየነካ፣ አንገቱን በሁለቱ መሃል አስግጎ፣ የሳሙና ሽታውን ይዞ ይቀመጣል። አደባባዩ ላይ ሲደርሱ ጆሮ፣ አንድ ሰውዬ መኪናዬ ከኋላ ታንኳኳለች ብሎ ሲመጣ ብሎ ይጀምራል። ማሙሽም ፈገግ ማለት ይጀምራል። ሳሙና ግን እስከዚያ አይጠብቅም። ጆሮ ገና የዕቃ ማስቀመጫውን ሳይከፍት፣ ሐብሐቡ ገና ሳይንከባለል፣ እሱ ከኋላ ሆኖ ጮክ ብሎ ይስቃል፤ ማን ቀድሞ እንደሰማው ማሙሽ እንዳይረሳ።